ከብሩ በፊት ሠሪውን እወቅ፦ ለወጣት የስፐር ሰብሳቢ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣

የድሮ የካውቦይ ስፐር መሰብሰብ መጀመርህን ነግረኸኝ ምክር ስትጠይቀኝ ደስ አለኝ። በአንተ ዕድሜ ገንዘቡን በረባ ባልረባው የሚበትን ብዙ ነውና ልብህ ወደ እጅ ሥራ ማዘንበሉ የሚያስመሰግንህ ነው። እኔም ይህ ፍቅር የያዘኝ ከባድ መኪና በምነዳበት ዘመን፣ ከሶልት ሌክ ሲቲ ወደ ሪኖ በሚወስደው በአይ-80 መንገድ ስመላለስ፣ ኤልኮ በምትባል የኔቫዳ ከተማ ነው። አንተም ዛሬ ያንኑ መንገድ ትነዳለህ፤ ስለዚህ የማውቀውን ሳልሰስት ልንገርህ።

ይህን ጽሑፍ ዕቃውን አይቶ የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል አስቀድሜ ስለ ስፐር ጥቂት ልበል። ስፐር ፈረሰኛ በቦት ጫማው ተረከዝ ላይ አስሮ ፈረሱን የሚኮለኩልበት ብረት ነው። ተረከዙን የሚያቅፍ ቅስት አለው፤ ከቅስቱ ወደ ኋላ አንገት ይወጣል፤ በአንገቱ ጫፍ ላይ ባለ ጥርስ ኮከብ ይሽከረከራል። የቆዳው ማሰሪያ የሚያያዘው በቅስቱ ሁለት ጫፎች ላይ ባሉት ቁልፎች ነው። የአገራችን ፈረሰኛ በባዶ እግሩ፣ አውራ ጣቱን እርካብ ውስጥ አግብቶ ይጋልብ ስለነበር ዕቃው በአያቶቻችን ቤት እምብዛም አይታወቅም።

የምመክርህ ሁሉ ከአንድ ሐሳብ የሚመነጭ ነው። የምትሰበስበው የሰው እጅ ሥራ ነው። ሠሪውን ካወቅህ ዋጋውም፣ ፎርጅዱም፣ አያያዙም በየተራ ይገለጥልሃል። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩልህ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

1. ቤቱን ከሥሩ እወቅ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ስፐሩ የወጣበትን ቤት ማን እንደመሠረተው፣ የት እንደነበረና ለማን እንደተላለፈ ሳታውቅ እጅህን ወደ ኪስህ አትስደድ።

የኤልኮውን የጋርሲያን ቤት ውሰድ። ጓዳሉፔ ጋርሲያ የሜክሲኮ ተወላጅ ነው፤ የኮርቻ ሥራን የተማረው ግን ካሊፎርኒያ ነው። በ1890ዎቹ ወደ ኤልኮ መጥቶ የኮርቻና የፈረስ ዕቃ ቤት ከፈተ። ቦታው ለሙያው ተስማማ። ዙሪያው ሰፋፊ የከብት እርባታ ያለበት ደረቅ ምድር ነው፤ ባቡሩ በከተማዋ ያልፋል፤ የአካባቢው ከብት ነጂዎችም በብር ያጌጠ ዕቃ መውደድን ከካሊፎርኒያ የስፓኝና የሜክሲኮ ፈረሰኞች የወረሱ ናቸው። ስለዚህ ፈላጊው ከደጁ ነበር፤ ሩቅ ላለው ደግሞ ካታሎግ አሳትሞ ትእዛዝ ይቀበልና ዕቃውን በባቡር ይልክ ነበር።

በዚያ ቤት ኮርቻው፣ ልጓሙና ስፐሩ የሚሠሩት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ቆዳ ቆራጩ፣ ቀጥቃጩና ብር ሠሪው ጎን ለጎን ይሠራሉ። በኮርቻው ቆዳ ላይ የተቀረጸው አበባ በስፐሩ ብር ላይ ተመልሶ የሚታየው ለዚህ ነው። ጋርሲያ በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ በተካሄደው የዓለም ትርኢት ላቀረበው ኮርቻ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ በ1905ም ፖርትላንድ ላይ ደገመው። በ1907 ኮሜርሻል ጎዳና ላይ ያሠራው ሕንፃ ዛሬ የካውቦይ ጥበብና ዕቃ ሙዚየም ሆኗል። ልጆቹ ሙያውን ይዘው ወደ ሳሊናስ፣ ካሊፎርኒያ፣ በኋላም ወደ ሪኖ ሄዱ። በጋርሲያ ቤት የሠራው ጆ ካፕሪዮላ ደግሞ በ1929 እዚያው ኤልኮ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ያ ሱቅ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ የጋርሲያ ስም ያለበት ልጓምና ስፐርም ይሸጣል።

እንግዲህ «ጋርሲያ» የሚል ስም ስላየህ ብቻ አትቸኩል። ይህ ስም በተለያየ ከተማ፣ በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ እጅ በተሠራ ብረት ላይ ታትሟል። ኤልኮ እያለ መሥራቹ ራሱ እየተቆጣጠረ ያሠራውና ከዚያ በኋላ የተሠራው አንድ ዋጋ የላቸውም። የቤቱን ታሪክ የማያውቅ ሰው የኋለኛውን በፊተኛው ዋጋ ይገዛል።

2. ሁለቱን ስልቶች ለይተህ እወቅ

የአሜሪካ ምዕራብ ስፐር በጥቅሉ በሁለት ስልት ይከፈላል፤ የካሊፎርኒያና የቴክሳስ።

የካሊፎርኒያው ለዓይን የተሠራ ነው። ቅስቱና አንገቱ ለየብቻ ተሠርተው ይገጣጠማሉ። አንገቱ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ያዘነብላል፣ ኮከቡ ሰፋ ይላል፣ ቁልፎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ በጫማው ሥር የሚያልፍ ሰንሰለትም አለው። ብሩ ደግሞ ብረቱ ተቦርቡሮ ውስጡ የተቀበረ ነው፤ ጣትህን ብታሳልፍበት ብረቱና ብሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ምንም አያደናቅፍህም። በኮከቡ ዘንግ ላይ ፈረሰኛው በተራመደ ቁጥር የሚያቃጭሉ ትናንሽ ፍሬዎች የሚንጠለጠሉበትም አለ።

የቴክሳሱ ለሥራ የተሠራ ነው። ቅስቱ፣ አንገቱና ኮከቡ የሚገባበት ጫፍ ከአንድ ወጥ ብረት ይቀጠቀጣሉ፤ ሰንሰለት የለውም፤ ብሩም ከላይ የተለበጠ ስለሆነ ጣትህ ጠርዙን ያገኘዋል። የዚህ ስልት ትልቁ ስም ጄ. አር. ማክቼስኒ ነው። በ1890 ገደማ ጌንስቪል፣ ቴክሳስ ውስጥ ሥራ ጀምሮ በኋላ ወደ ፖልስ ቫሊ፣ ኦክላሆማ ተዛወረ። አንገቱ የሴት እግር ቅርጽ ያለው፣ ጫማውና የካልሲ ማሰሪያው በብርና በነሐስ የተለበጠው ስፐር በስሙ የሚታወቅ ሥራ ነው። በ1928 ከሞተ በኋላ የሥራ ቤቱን የኖኮና ቦት ኩባንያ ገዛው፤ የኩባንያው መሥራች ኢኒድ ጀስቲን የምትባል የጫማ ሠሪ ልጅ ነበረች። ሌላው ሊታወቅ የሚገባው አዶልፍ ቤየርስ ነው። ትረስኮት በምትባል የቴክሳስ መንደር አጠገብ ተቀምጦ ከአሮጌ መኪና አክስል ሳይቀር ስፐር ይቀጠቅጥ ነበር፤ የሠራቸውን ንድፎችም በቁጥር መዝግቦ አስቀምጧል። በዚህ መዝገብ ምክንያት የእሱን ሥራ ማረጋገጥ ከብዙዎቹ ይቀላል።

ብሩ ከየት መጣ ብትል ከሳንቲም ነው። ብዙ ሠሪዎች የአሜሪካን የብር ዶላርና የሜክሲኮን ፔሶ ቀጥቅጠውና ቆርጠው ለበጡ። የአገራችን ብር ሠሪ ማርትሬዛን አቅልጦ መስቀልና ድሪ፣ የበቅሎ ጌጥም እንደሠራበት ያለ ነገር ነው። መዶሻ በያዘ እጅ ሥር ገንዘብ ጌጥ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ላስታውስህ። ትልቅ ኮከብ ያየ ሰው ሁሉ «ፈረሱ ምን በደለ!» ይላል። ጥርሱ የበዛና የደነዘዘ ትልቅ ኮከብ ግን ጫናውን ስለሚያካፍለው ጥቂት ሹል ጥርስ ካለው ትንሽ ኮከብ ይልቅ ለፈረሱ ይቀላል። ጨካኙ ዕቃው ሳይሆን አያያዙን የማያውቅ እግር ነው። ሆን ተብሎ የተሳለ ኮከብ ካየህ ተጠንቀቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለገዢ ዓይን ሲባል በቅርቡ የተነካካ ነው።

3. ማኅተምን እንደ ምስክር ስማው፣ ዳኝነቱን ግን አትስጠው

ጀማሪ ሰብሳቢ መጀመሪያ ማኅተም ይፈልጋል። ፍለጋው ተገቢ ነው፤ ማኅተሙ ግን የሚነግርህ የእውነቱን ከፊል ነው።

ኦገስት ቡየርማን የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ በኒውርክ፣ ኒው ጀርሲ ትልቅ ፋብሪካ ነበረው። ከብት ከሚነዳበት ምድር እጅግ ርቆ፣ በምሥራቁ ጠረፍ ተቀምጦ፣ ለምዕራቡ ብዙ ስፐር አቅርቧል። ምልክቱ ኮከብ ነው፤ «ሄርኩለስ ብሮንዝ» የሚል ጽሑፍም በአንዳንዱ ሥራው ላይ ታገኛለህ። በ1926 ድርጅቱን ኖርዝ ኤንድ ጀድ የተባለው የኮኔቲከት ኩባንያ ገዛው፤ የዚህኛው ምልክት መልሕቅ ነው። የኮርቻ ቤቶች ከእንደዚህ ዓይነት ፋብሪካ ገዝተው በራሳቸው ካታሎግ ይሸጡ ነበር፤ በራሳቸው ስም የሚያሳትሙም ነበሩ። ስለዚህ የኮርቻ ቤት ስም ያለበት ስፐር ሁሉ በዚያ ቤት ተቀጥቅጧል ማለት አይደለም።

ስምም ከሠሪው በኋላ ይኖራል። ኦስካር ክሮኬት በመጨረሻ ቦልደር፣ ኮሎራዶ ላይ ድርጅቱን ተክሎ በ1949 ሞተ፤ ስሙ ግን ድርጅቱን በገዛው በዴንቨሩ ሬናልዴ እጅ መታተሙን ቀጠለ። ፒ. ኤም. ኬሊም ከሰሜን ቴክሳስ ተነስቶ ኤል ፓሶ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ብዙ ዘመን ከሠራ በኋላ በ1960ዎቹ ድርጅቱን ለዚሁ ለሬናልዴ ሸጠ። በተቃራኒው ማክቼስኒ ብዙውን ሥራውን ማኅተም ሳያደርግበት አውጥቷል። ማኅተም የሌለው ስፐር ከሁሉም የበለጠ ዋጋ ያለው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚመሰክርልህ የአንገቱ አወጣጥ፣ የቁልፉ አሠራርና የብሩ አቆራረጥ ነው።

ማኅተም ሲኖርም በማጉያ መነጽር እየው። እውነተኛ ማኅተም ከብረቱ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ብረቱ ተልጎ ፊደሉ ብቻ ስል ሆኖ ከቆየ፣ ወይም የፊደሉ ውስጥ ሲያበራ ዙሪያው የጠቆረ ከሆነ፣ ያ ማኅተም በኋላ የተመታ ነው።

4. ጥንዱን እንደ ጥንድ መርምር

ስፐር ግራና ቀኝ አለው። ብዙ ሠሪዎች ብሩን የሚያደርጉት ለሰው በሚታየው በውጭው ጎን ብቻ ስለሆነ፣ የግራው ብር በግራ፣ የቀኙም በቀኝ መዋል አለበት። ሁለቱም በአንድ ጎን ያጌጡ ከሆኑ ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች ተለቅመው የተጋቡ ናቸው። ሁለቱም ጎን በብር የተለበጠ ሥራ አለ፤ እሱ በዋጋ ይበልጣል፤ ግን ለማጭበርበርም ይመቻል።

ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁማቸው። የአንገታቸውን ርዝመት፣ የቅስታቸውን ውፍረትና የኮከባቸውን ጥርስ ቁጥር አነጻጽር። በእጅ የተሠራ ጥንድ ቁርጥ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ የፀጉር ያህል ልዩነት የእጅ ምልክት ነው። ፈጽሞ ልዩነት የሌላቸው፣ አንዱ ላይ ያለው ትንሽ ጉድጓድ ሌላው ላይ በዚያው ቦታ የሚገኝባቸው ከሆኑ ግን ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የፈሰሱ ናቸው።

ከዚያ የዕድሜውን ምልክት በሚገባው ቦታ ፈልግ። ኮከቡ የሚሽከረከርበት ዘንግ ቀዳዳውን እየበላ ክብነቱን ያሳጣዋል፤ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። የቅስቱ ውስጠኛ ጎን ከቦት ጫማው ጋር ሲፋተግ ይለሰልሳል። ማሰሪያው የሚገባበት ቀዳዳ ቆዳው በሚጎትትበት አቅጣጫ ይሳሳል። ውጭው ሁሉ ተፋቅፎ እነዚህ ቦታዎች እንደ አዲስ ከሆኑ፣ እርጅናው በብርጭቆ ወረቀት ወይም በአሲድ የተሠራ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

5. ብር መሳዩን ከብር ለይ

«ጀርመን ሲልቨር» የሚባለው ነገር ቅንጣት ብር የለበትም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። በብዙ የድሮ ስፐሮች ላይ ተለብጧል፤ ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ እንደ ብር መሸጡ ነው። ብር ሲቆይ ወደ ጥቁርነት ያደላል፤ ጀርመን ሲልቨር ወደ ቢጫነት። የአሜሪካው የብር ዶላር 90 በመቶ ብር ስለሆነ ከእሱ የተቆረጠው ልባጥ በጠቆረበት ቦታ እንኳ ለስላሳና ሙቅ ነጭነት አለው። ሻጩን ሳታስፈቅድ የአሲድ ፈተና አታድርግ፤ ዕቃውንም ስምህንም ታበላሻለህ።

ቅርጹንም አስተውል። በእጅ መቅረጫ የተቆረጠ መስመር ጠርዙ ስል ነው፤ ወደ ብርሃን ስታዘነብለው የተቆረጠው ፊት ያብለጨልጫል፤ መስመሩ ሲጀምር ቀጭን፣ መሐሉ ላይ ወፍራም፣ ሲያልቅ ደግሞ ቀጭን ነው፤ የሰው የእጅ አንጓ ሲዞር የሚተወው ምልክት ይህ ነው። በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ቅጂ መስመሩ ደብዛዛና ጠርዙ የሟሟ ይሆናል፤ በመስመሩ ውስጥም የአረፋ ቀዳዳ ታያለህ። በአንገቱ ሥር ወይም በቅስቱ ጠርዝ ላይ የቅርጽ ማውጫው ስፌት ተሞርዶ እንደሆነም በጣትህ ዳብስ።

ሌላም አለ። ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲኖርበት ሕግ ያስገድዳል። በቅስቱ ውስጠኛ ጎን የተሞረደ ወይም የተቦረቦረ ቦታ ካየህ፣ እዚያ ምን ተጽፎ እንደነበር ሻጩን ፊት ለፊት ጠይቀው።

6. አትወልውለው

ከሁሉም ምክሬ ይህን በተለይ ያዝልኝ። የድሮ ስፐር አይወለወልም። በብሩ ላይ ያለው ጥቁረት፣ በብረቱ ላይ ያለው ቡናማ ወዝ የዘመን ሥራ ነው። በፖሊሽና በሽቦ ብሩሽ ባፈካኸው ቁጥር የሠሪውን መስመር እየላግህ ነው፤ የተላገ ቅርጽ ደግሞ አይመለስም። አዋቂ ገዢ እንደ አዲስ ከሚያበራው ይልቅ ያልተነካውን መርጦ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጥበታል።

ማድረግ ያለብህ ጥቂት ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሳ። ብረቱን ቀጭን ዘይት በነካ ጨርቅ አብሰው፤ ወይም ሙዚየሞች የሚጠቀሙበትን ሰም በስሱ ቀባው። የሚበላ ቀይ ዝገት ካለ ዘይት ውስጥ ነክረህ አሳድረውና በእንጨት ስንጥር ቀስ ብለህ አንሳ። የጎደለ ብር ካለ አታስሞላ፤ የጎደለውም ታሪኩ ነው። የግድ ከሆነም ለባለሙያ ስጥና የተደረገውን በጽሑፍ አስቀምጥ።

ቆዳውስ? በማሰሪያውና በኮርቻው ቆዳ ላይ ብዙ ሰው በደግነት ይበድላል። አሮጌ ቆዳን በዘይት ማጥገብ ያጠቁረዋል፣ ስፌቱንም ያበሰብሰዋል። ሲነካ ቀይ ዱቄት የሚያራግፍ ቆዳ ውስጡ ስለተበላ ዘይት አያድነውም፤ ሳታጥፈው አስተኝተህ አስቀምጠው። ቆዳና መዳብ ነክ ብረት ለረጅም ጊዜ ተነካክተው ሲቀመጡ በመካከላቸው ሰም የሚመስል አረንጓዴ ነገር ይበቅላል። በእንጨት ጠርገህ አውጣውና በሁለቱ መካከል ንጹሕ ወረቀት አስገባ። ማሰሪያው ከስፐሩ ጋር የኖረ ከሆነ ግን ፈጽሞ አትለያያቸው፤ የኮርቻ ቤቱ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያ ቆዳ ላይ ነው።

7. ከእስር ቤት የወጣውን ሥራ አክብር

በካንየን ሲቲ፣ ኮሎራዶ ባለው ማረሚያ ቤት እስረኞች ስፐርና ልጓም ይሠሩ ነበር። ሥራቸው ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለጋል፤ በአንዳንዱም ላይ ከስም ይልቅ የእስረኛው ቁጥር ይገኛል። በቁጥር ብቻ የታወቀ ሰው እንዲህ ያለ መስመር መቁረጡን ስታይ፣ ኑሮ የከፋበት ሰው በእጁ ሥራ ከብሮ እንደሚኖር ትረዳለህ። ስለዚህ «የእስረኛ ሥራ» የሚለውን ቃል እንደ መሸጫ ማጣፈጫ አትጠቀምበት። ማስረጃ ሳይኖራቸው በዚህ ቃል ዋጋ የሚያስወድዱ ሻጮች አሉና ማስረጃ ጠይቅ፤ ከሌለም በሻጩ ቃል ሳይሆን በሥራው ጥራት ብቻ ገምተህ ግዛ።

8. ከመግዛትህ በፊት ብዙ ንካ

ዓይን የሚሠለጥነው በእጅ ነው። በኦክላሆማ ሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የካውቦይና የምዕራብ ቅርስ ሙዚየም ሂድ። የልጓም፣ የስፐርና የኮርቻ ሰብሳቢዎች ማኅበር በሚያዘጋጃቸው ትርኢቶች ላይ ተገኝና እያስፈቀድክ ዕቃ አንሳ፣ መዝን፣ አዟዙር። የድሮዎቹን ካታሎጎች ዳግም ኅትመት ግዛ። ጄን ፓቲ በ1991 ያሳተመችው «የካውቦይ ስፐሮችና ሠሪዎቻቸው» የተባለው መጽሐፍ የሠሪዎቹን ሕይወት አንድ በአንድ የሚተርክ ስለሆነ ከስፐር በፊት እሱን ግዛ።

ጨረታ ላይ ስትገባ የምትከፍለውን ጣሪያ አስቀድመህ በወረቀት ጻፍ። መዶሻው ሲመታ የሚጠራው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም፤ የጨረታ ቤቱ ከገዢው የሚወስደው ኮሚሽን በላዩ ይጨመራል፤ እንደየግዛቱም ግብር አለ። የቤት ኪራይና የእቁብ ገንዘብ ወደዚህ አይገባም። ነገ ይወደዳል ብለህ ብቻ የምትገዛው ዕቃም አይኑርህ፤ የሰው ፍላጎት ይለወጣል፣ ያን ጊዜ የሚተርፍህ የወደድከው ነው። ውድ ዕቃ ስትገዛ ሻጩ የሠሪውን ስም፣ የታደሰውን ቦታና የመመለስ መብትህን በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ጠይቅ። እሺ ካላለ ደኅና ዋል ብለህ ሂድ።

9. የመበለቷን ዕቃ በሐቅ ግዛ

አንድ ቀን የማታውቀው የከብት እርባታ ቤተሰብ የሟች አባቱን ስፐር ይዞ ይመጣብሃል። ዋጋውን አያውቁም፤ አንተ ታውቃለህ። የዚያን ጊዜ የምታደርገው ነገር ምን ዓይነት ሰው እንደሆንክ ይወስናል። እውነተኛውን ዋጋ ንገራቸው። አቅምህ ካልቻለ ጨረታ ቤቱን አሳያቸው። ከልጆቹ አንዱ ሊያስቀረው የሚፈልግ ከሆነም እንዲያስቀረው አበረታታው። በዚህ ገበያ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ በሐቅ ለታወቀ ሰብሳቢ ጥሩ ዕቃ ራሱ ይመጣለታል። ባይመጣም እንኳ በተጭበረበረች መበለት ዕንባ የተገዛ ብር በቤትህ ባይገባ ይሻላል።

10. የምታውቀውን ጻፈው

ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ወረቀት ይኑርህ። ከማን፣ የትና መቼ እንደገዛኸው፣ ማን ተጫምቶት እንደነበር፣ ምን ጉድለት እንዳለበት፣ ሠሪውን በምን ምልክት እንዳወቅህ መዝግብ። ፎቶግራፉን አብረህ አኑር። በብረቱ ላይ ቁጥር አትጫር፤ ተለጣፊ ወረቀትም አትለጥፍ፤ በክር አንጠልጥለው። ሻጩ የአባቱን ታሪክ ሲያወራህ በዚያው ሰዓት ጻፈው፤ ሰውየው ሲያልፍ ታሪኩም አብሮት ያልፋልና። «ይባላል» እና «አይቻለሁ» የሚሉትን ደግሞ ለይተህ ጻፍ። ከአንተ በኋላ ዕቃውን የሚይዘው ሰው የሚተማመነው በዚህ ጥንቃቄህ ነው።

11. ዛሬ የሚሠሩትን አትርሳ

ለሞቱት ብቻ ገንዘብ የሚያወጣ ሰብሳቢ ሙያውን አይረዳም። ዛሬም በኔቫዳ፣ በቴክሳስና በሌሎችም ግዛቶች ብረት ቀጥቅጠው ብር የሚቀብሩ ባለሙያዎች አሉ። በ1998 የተመሠረተው የባህላዊ ካውቦይ ጥበብ ማኅበር ኮርቻ ሠሪዎችን፣ ልጓምና ስፐር ሠሪዎችን፣ ብር ሠሪዎችንና ጠፍር ጎንጓኞችን አሰባስቦ ወጣቶችን ያስተምራል። ከድሮው አንድ ስትገዛ ከዛሬው አንድ ለማዘዝ ቆጥብ። ሠሪው ቤት ሂድ፤ ሲሠራ እይ፤ ሲጠይቅህ ብቻ ተናገር። አንድ ቀን ቁጭ ብለህ የምታየው ስለ ድሮው ዕቃ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያስተምርሃል።

12. ይህን ዕውቀት ወደ አገርህም ውሰደው

የመጨረሻውና ከልቤ የምለምንህ ይህ ነው። በአሜሪካ ምዕራብ የአንድ መንደር ቀጥቃጭ ስም ተፈልጎ፣ ልደቱና ሞቱ ተመዝግቦ፣ ሥራው በሙዚየም ሲቀመጥ ሳይ ደስታና ቁጭት አብረው ይይዙኛል። እኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። በሠሩልን ማረሻ አርሰን፣ በሠሩልን ኮርቻ ተቀምጠን፣ ማዕዳችንን ከለከልናቸው። የምኒልክን ፈረስ ስም «አባ ዳኘው» ብለን ከጌታው ጋር እናነሣለን፤ ኮርቻውን ማን እንደሠራው ግን ሲነገር አልሰማሁም። ይህ በደል ነው፤ በደልነቱንም ሳናድበሰብስ መናገር አለብን።

ስለዚህ ለዕረፍት አገር ቤት ስትገባ የአያትህን ኮርቻ፣ ልጓምና እርካብ ከተሰቀለበት አውርድ። አትወልውለው። ዕድሜ የጠገቡትን ሰዎች «ይህን ማን ሠራው? የየት አገር ሰው ነበር? ልጆቹስ አሉ?» ብለህ ጠይቅ። አዊ ብትሄድ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ በሚያወጧቸው ያጌጡ ፈረሶች ላይ የዛሬውን የኮርቻ ሠሪ ሥራ ታያለህ፤ የእሱንም ስም ጠይቅ። የሰማኸውን ስም ከነመንደሩ ጻፍ፤ ፎቶግራፉንም ጨምርበት። የማክቼስኒንና የጋርሲያን ስም ያወቅኸው ከአንተ በፊት የጠየቀና የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። ለእኛዎቹ ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱ አንተ ሁን።